የፕሮግራመር ሰዓት ስንት ይሸጣል?



ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። በእኛ ዘንድ ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት ማውራት ነውር ሆኖ ቆይቷል። ስለ ኮድ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ የሚያድሩ ወጣቶች ደንበኛ ፊት ቀርበው «በሰዓት ስንት ታስከፍላለህ?» ሲባሉ ድምፃቸው የሚጠፋው ለዚህ ይመስለኛል። ያን ጊዜ አፋቸው ላይ የመጣውን ቁጥር ይናገራሉ። ያ ቁጥር ለስድስት ወር፣ አንዳንዴም ለሁለት ዓመት አብሯቸው ይኖራል። ቤት ኪራይ የሚከፍሉት፣ እናታቸውን የሚያሳክሙት፣ ትዳር የሚይዙት በዚያ ቁጥር ነው። ከየት እንደሚመጣ አለማወቅ ታዲያ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ እንዳየሁት ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከጓደኛ ነው። «እገሌ በሰዓት 8 ዶላር ነው የሚሠራው፤ እኔ 7 ብል ሥራውን አገኛለሁ» ይባላል። እገሌ ግን ከወላጆቹ ጋር ስለሚኖር ኪራይ አይከፍል ይሆናል። ወይም ቀን መሥሪያ ቤት ደመወዝ አለውና የማታ ሥራው ለእሱ ተጨማሪ ገቢ ነው። ወይም ደግሞ እሱ ራሱ ቁጥሩን የወሰደው ከሌላ ጓደኛው ነው። ሁለተኛው ምንጭ የወር ደመወዝ ነው። ደመወዙን ለ160 ሰዓት ያካፍሉና የወጣውን ይጠራሉ። ይህኛው ስሌት ስለሚመስል ብዙ አስተዋይ ሰው ያሳስታል፤ ከሁሉ አስቀድሜ ማፍረስ የምፈልገውም እሱን ነው።

እስቲ በአንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ውስጥ በወር 60,000 ብር የምታገኝ ፕሮግራመር እናስብ። ቁጥሩን የመረጥኩት ለስሌት እንዲመቸን ነው፤ የራሳችሁን በቦታው ተኩ። ይህች ልጅ ሥራዋን ለቃ ለራሷ ልትሠራ ወሰነች። 60,000ን ለ160 አካፈለችና 375 ብር አገኘች። «ደመወዜን ካላጎደልኩ ምን እፈልጋለሁ፣ በሰዓት 375 ብር ይበቃኛል» አለች።

አሁን ሰሌዳው ላይ አብረን እንሂድ። በዓመት 720,000 ብር ደመወዝ ነበራት። አሠሪዋ ግን ለእሷ የሚያወጣው ከዚያ በላይ ነበር። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ መሠረት ከእሷ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምርላት ነበር። ያ በዓመት 79,200 ብር ነው። የደመወዝ ወረቀቷ ላይ የሚታያት የራሷ ተቀናሽ ብቻ ስለሆነ ይህን ገንዘብ አስባው አታውቅም። ላፕቶፑ የቢሮው ነበር። አሁን የራሷን 180,000 ብር ገዝታ ሦስት ዓመት ብትሠራበት በዓመት 60,000 ይመጣል። የቤት ኢንተርኔትና እሱ ሲቋረጥ የሚተካው የሞባይል ዳታ ጥቅል በወር 3,000 ቢሆን በዓመት 36,000 ነው። መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግል ባትሪና አልፎ አልፎ ለምትሄድበት የጋራ የሥራ ቦታ 20,000። ለንግድ ፈቃድ እድሳትና ለሒሳብ ባለሙያ 40,000። ለሕክምና 30,000። ሥራ ለሚጠፋባቸው ሳምንታትና ከፍሎ ለማይጨርስ ደንበኛ መጠባበቂያ 100,000። ደምሩት፤ 1,085,200 ብር ይሆናል። አንድ ሳንቲም ትርፍ ሳይጨመርበት፣ ትናንት ቢሮ ውስጥ የነበራትን ኑሮ ለማስቀጠል ብቻ የሚያስፈልጋት ይህን ያህል ነው።

መጠባበቂያውን አንዳንድ ሰው ቅንጦት ይለዋል። እኔ አልስማማም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ ውጭ አገር ደንበኛ ያላቸው ፕሮግራመሮች «ኢንተርኔት ተቋርጦብኛል» የምትለዋን አጭር መልስ እንኳ መላክ አልቻሉም ነበር። አሜሪካ ያለ ደንበኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅ ካልሰማ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ በእሱ ልንፈርድ አንችልም። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ማንም አይተካላችሁም። ከዋጋችሁ ውስጥ ቀድማችሁ ካላስቀመጣችሁት ከቤት ኪራያችሁ ላይ ይወሰዳል።

ይህ የሒሳቡ አንዱ ወገን ነው። ሌላው ወገን ሰዓቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። በዓመት 52 ሳምንት አለ፤ በሳምንት አምስት ቀን ብትሠራ 260 ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ከነክፍያው ያገኛል። ቢሮ እያለች ታርፍ ከነበረ አሁንም ማረፍ አለባትና 16ቱን ቀንሱ፤ 244 ቀረ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለት፣ ኢድ፣ አረፋ፣ መውሊድ እያልን ስንቆጥር በሥራ ቀን ላይ የሚውሉትን 11 ብንላቸው 233 ይሆናል። ጉንፋን፣ የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ተደማምረው 10 ቀን ይበላሉ፤ ለቅሶ ሳትደርሱ የምታልፉበት አገር አይደለም። 223። አዲስ ነገር ለመማር፣ አንድ ቋንቋ ወይም አንድ ማዕቀፍ ለመሞከር 13 ቀን ስጧት። 210 ቀን ቀረ።

በእነዚህ 210 ቀናት ደግሞ ስምንቱም ሰዓት አይሸጥም። ዋጋ ማቅረቢያ ትጽፋለች። ከደንበኛ ጋር «ምን ነበር የፈለጋችሁት?» እያለች በስልክ ታወራለች። ኢንቮይስ ታዘጋጃለች፤ ክፍያው ሲዘገይ ደውላ ታስታውሳለች። ገቢዎች ትሄዳለች። ያልተሳካላትን ሥራ ለማግኘት ሦስት ስብሰባ ተቀምጣለች። ይህን ሁሉ ማንም በሰዓት አይከፍላትም። ከቦሌ ሰሚት በኮንትራት የሚወስዳችሁ የታክሲ ሹፌር ዋጋ ሲጠራ ባዶውን የሚመለስበትንም መንገድ ይቆጥራል፤ ካልቆጠረ ነዳጁን ከኪሱ ነው የሚከፍለው። በቀን አምስት ሰዓት መሸጥ ከቻለች ሥራዋ በደንብ እየሄደ ነው ማለት ነው። 210 ቀን በ5 ሰዓት ሲባዛ 1,050 ሰዓት ነው። እንግዲህ በዓመት የሚሸጥ ዕቃ አላት ከተባለ እሷ ያላት ይህቺው 1,050 ሰዓት ናት።

1,085,200 ለ1,050 ሲካፈል 1,034 ብር ገደማ ይመጣል። 375 ብሎ የጀመረው ስሌት የት እንደቀረ ተመልከቱ።

እስቲ ወደኋላ መልሰን ደግሞ እንየው። በ375 ብር 1,050 ሰዓት ብትሸጥ በዓመት የምታገኘው 393,750 ብር ነው። ከዚያ ላይ ላፕቶፑን፣ ኢንተርኔቱን፣ የመብራቱንና የሒሳብ ባለሙያውን ወጪ ስታነሱ በወር 20,000 የማይሞላ ገንዘብ በእጇ ይቀራል። ጡረታ የለ፣ ሕክምና የለ፣ መጠባበቂያ የለ። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሰዓት ትጨምራለች። በቀን አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሰዓት ትሠራለች። ቅዳሜን፣ ከዚያም እሑድን ትጨምራለች። በዓይኗ፣ በወገቧ፣ በእንቅልፏ እየከፈለች ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች «ፍሪላንስ አያዋጣም» ብለው ወደ ቢሮ ሲመለሱ አይቻለሁ። ሙያው አላዋጣ ብሎ አይደለም፤ ዋጋቸው ከመጀመሪያው የተሳሳተ ማካፈያ ላይ የቆመ ነበር። ይህ ነገር የምር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በአንድ ወረቀትና በአንድ ካልኩሌተር መከላከል ይቻል ነበር።

አሁን አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ይህ 1,034 ብር ዋጋችሁ አይደለም። ወለላችሁ ነው። ከሱ በታች ከሠራችሁ ደንበኛውን እየደጎማችሁት ነው። ዋጋው ከወለሉ በላይ የት ድረስ እንደሚወጣ የሚወስነው ሥራው ለደንበኛው የሚያመጣለት ጥቅም ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ወለሉን ወደ ዶላር ብንመልሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ሥራውን የምታገኙት ኮሚሽን በሚቆርጥ የኢንተርኔት ገበያ ከሆነ መጀመሪያ ኮሚሽኑን አስገቡ። አፕወርክን ውሰዱ። ለዓመታት ከአንድ ደንበኛ በሚገኘው የመጀመሪያ 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ ይቆርጥ ነበር፤ ገቢው ሲጨምር ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 5 ይወርዳል። በ2023 በፈረንጆች አቆጣጠር ሁሉንም 10 በመቶ አደረገው፤ በ2025 ደግሞ እንደ ሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ የሚለያይ ሆነ። ፋይቨር 20 በመቶ ይወስዳል። 10 በመቶ ብንይዝ፣ 1,034 ላይ 10 በመቶ መደመር ስህተት ነው፤ የሚቆረጠው ከጠቅላላው ስለሆነ ለ0.9 ማካፈል ነው ያለባችሁ። ወደ 1,150 ብር ይደርሳል። ዶላሩን በ150 ብር ብንመነዝረው ከ7 ዶላር ተኩል ትንሽ ይበልጣል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ዝቅተኛው ከ17 ዶላር በላይ ነው። ምንም ልምድ የማይጠየቅበት ሥራ ማለቴ ነው። እንግዲህ የመረጃ ቋት የሚነድፍ፣ የክፍያ ሥርዓት የሚሠራ፣ የሌላ ሰው ድርጅት በእጁ የተያዘ ባለሙያ ከዚያች ከተማ ላለ ደንበኛ 5 ዶላር ሲል ደንበኛው ምን ያስባል? «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚደሰት አለ፤ እንዲህ ያለው ደንበኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የሚያስለፋና ዘግይቶ የሚከፍል ነው። ሁነኛው ደንበኛ ደግሞ 5 ዶላር ሲያይ ይጠረጥራል፤ መልእክቱን ሳይከፍት ያልፈዋል። ዋጋ ስለ እናንተ የሚናገረው ነገር አለ፤ ደንበኛው እናንተን ከመስማቱ በፊት እሱን ይሰማል።

በአገራችን በሚቀጥሉት ዓመታት ይህ ጉዳይ ይብስ እንጂ አይቀልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ተጀምሯል። ከነዚህ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ወደ ገበያው ቢመጣ ቁጥሩ ብዙ ነው። እያንዳንዱ አዲስ የሚገባ ሰው ከቀድሞው አንድ ዶላር ቀንሶ ከጀመረ የት እንደምንደርስ አስቡት። የምለው ተማከሩና በአንድ ዋጋ ተስማሙ አይደለም። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ወለል በሐቅ ብታሰሉ ብቻ ገበያው ራሱ ከፍ ይላል፤ ከወጪው በታች የሚሸጥ ሰው ያንሳልና።

አሁን ወደ አገር ውስጥ ደንበኛ ልምጣ፤ እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴ «በሰዓት» ሲባል አይወድም። «ሰዓቱን ማን ይቆጥርልኛል? ቁርጡን ንገረኝ» ይላል። እውነት አለው። ስለዚህ ለእሱ ቁርጥ ዋጋ ትሰጡታላችሁ፤ የሰዓት ዋጋችሁ ግን በራሳችሁ ወረቀት ላይ ይኖራል፤ ቁርጡ የሚወጣው ከሱ ነውና።

ከአንድ ወጣት ፕሮግራመር አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ፣ የዱቤ ደብተሩን የሚተካ ሶፍትዌር ፈለጉ። ልጁን የላከው አጎቱ ነው፤ የሰውየው የቆየ ወዳጅ። ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሥራውን በዝርዝር ጽፎ 80 ሰዓት ገመተ፤ ላልታሰበው ነገር 20 ሰዓት ጨመረ፤ 100 ሰዓት በ1,200 ብር፣ 120,000 ብር። ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገ። «ጋሼ፣ አሁን ቆጠራ እንዴት ነው የምታደርጉት?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ሱቁን አራት ቀን ዘግተው እንደሚቆጥሩ፣ ሁልጊዜም የሚጎድል እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው እንደማይታወቅ ነገሩት። ከዚያ የዱቤ ደብተሩን አወጡለት፤ ገጾቹ በእርሳስ ተሰርዘው ተደልዘው አንዳንዱ ስም አይነበብም። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠና ቁጥሩን ተናገረ።

ሰውየው ሻያቸውን አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ይህ እኮ ላንተ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ካጎትህ ጋር ስንት ዓመት ነው የምንተዋወቀው! 70 አድርገውና ነገ ጀምር። ሌላ ሰውም አመጣልሃለሁ» አሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ይሉኝታ የሚይዘን። አጎት አለ፣ ሻይ ተጋብዟል፣ ሰውየው በዕድሜ አባት ናቸው። አብዛኞቻችን «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ» እንል ነበር። ልጁ ግን እንዲህ አላቸው፤ «አጎቴን ስለሚያከብሩልኝ አመሰግናለሁ ጋሼ። በዚህ ዋጋ ይህን ሁሉ ብሠራ ግማሹን አበላሽቼ ነው የማስረክብዎት። ዋጋውን እንቀንስ ካልን ሥራውን እንቀንስ። የዱቤውን ለሁለተኛ ዙር እናቆየው። የዕቃ ገቢና ወጪውን ብቻ ልጀምርልዎ፤ እሱ 90,000 ይሆናል። ለሚቀጥለው ሰኔ ሱቁን አራት ቀን አይዘጉም።»

ሰውየው ካልኩሌተራቸውን አነሱ። ምን እንዳሰሉ አላየሁም፤ የአራት ቀን ሽያጭ ይመስለኛል። «ቀብዱ ስንት ነው?» አሉ። አርባ በመቶ፣ 36,000 ብር ከፈሉት።

ልብ በሉ። 90,000ው የተቀነሰ ዋጋ አይደለም፤ 75 ሰዓት በዚያው በ1,200 ብር ነው። ዋጋው አልተነካም፤ የተነካው የሥራው መጠን ነው። ነጋዴ በሚደራደር ሰው አይቀየምም፤ ሙያው ነው። የሚቀየመው እሺ ብሎ ተቀብሎ መሀል ላይ ስልክ በማያነሳ ሰው ነው። በርካሽ የገባንበት ሥራ ደግሞ መሀል ላይ ስልክ የማያስነሳን ሥራ ነው፤ የተሻለ የሚከፍል ሲመጣ ወደዚያ እንሄዳለን። በይሉኝታ የተቀነሰ ዋጋ መጨረሻው የባሰ ይሉኝታ ነው፤ ያቺን ዝምድናም ያበላሻል። ስለ ቀብዱም አንድ ቃል ልበል፤ ያለ ቀብድ የሚጀመር ሥራ አይኑር። ሥራውም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሠራም። «ይቺን ትንሽ ነገር ጨምርልኝ» የምትባለዋ ነገር ቁርጥ ዋጋን የምትበላ ናት፤ ወረቀት ካለ ግን «ደስ ይለኛል፤ እሷ የስድስት ሰዓት ሥራ ናት» ለማለት አፋችሁ አይታሰርም።

የንግድ ፈቃድ ያላችሁና ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገባችሁ፣ 15 በመቶው የእናንተ ገንዘብ አይደለምና ከዋጋችሁ በላይ ለብቻው ይጻፍ። «ቫቱን ጨምሮ ነው» ብላችሁ በቃል ከተስማማችሁ ከወለላችሁ ላይ ቆርጣችሁ ነው የምትከፍሉት። የግብሩን ዝርዝር ለሒሳብ ባለሙያዎቻችሁ እተወዋለሁ፤ ሕጉ በቅርቡ ተሻሽሏልና የድሮውን ምጣኔ ይዛችሁ አታስሉ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ጋ ደረስኩ። ሰዓት ራሱ ጥሩ መለኪያ ነው ወይ?

ፍሬድሪክ ብሩክስ የአይቢኤምን ሲስተም 360 ኮምፒውተሮች ሥርዓተ ክወና ሥራ የመራ ሰው ነው። ከዚያ ልምዱ ተነሥቶ በ1975 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የሶፍትዌር ሥራን በሰውና በወር ብዛት መለካት እንደሚያታልል አሳየ፤ ወደ ዘገየ ሥራ ሰው ሲጨመርበት ይብሱን ይዘገያል። ምክንያቱ የገባው ሰው ሰዓትም ለምን እንደሚያታልል ይገባዋል። አንድ ልምድ ያለው ሰው በሁለት ሰዓት የሚፈታውን ችግር ጀማሪው በሁለት ቀን ይፈታዋል። በሰዓት ስንከፈል ጀማሪው የበለጠ ያገኛል። እንዲያውም ጎበዙ በጉብዝናው ይቀጣል።

ይህ ድሮም የነበረ ችግር ነው፤ አሁን ግን ተባብሷል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ኮፓይለትን የመሰሉ መሣሪያዎችም ከተስፋፉ በኋላ፣ በኮድ መጻፍ ላይ የሚጠፋው ሰዓት እያነሰ ነው። ቅጽ የሚሞላበት ገጽ፣ ሪፖርት የሚያወጣ ክፍል፣ ድሮ አንድ ቀን ይፈጅ የነበረ አሁን በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሰዓት ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ገቢያችሁ በዚያው ልክ ያንሳል። ያላነሰው ምንድን ነው? የመርካቶው ነጋዴ በእውነት ምን እንደሚያስፈልገው የማወቁ ነገር። መሣሪያው የጻፈው ኮድ የደንበኛውን ሒሳብ እንደማያዛባ አይቶ የማረጋገጡ ነገር። ነገ ሲበላሽ ተጠያቂ ሆኖ የመገኘቱ ነገር። እነዚህ ዋጋቸው አልወረደም፤ በእኔ እምነት ጨምሯል። ስለዚህ የሰዓት ዋጋችሁን ለራሳችሁ መቆጣጠሪያ ያዙት፤ ለደንበኛው ግን ቢቻል በሥራው፣ ካልሆነ በሳምንት ወይም በቀን ንገሩት። በቀን የሚከፍል ደንበኛ «ለምን ሦስት ሰዓት ከሩብ?» እያለ አይጨቃጨቅም። በየ10 ደቂቃው የኮምፒውተራችሁን ገጽታ ፎቶ እያነሣ የሚቆጣጠር የሰዓት ውል አለ፤ ሲጀምሩ ለክፍያ ዋስትና ሊጠቅም ይችላል፤ ዕድሜ ልካችሁን ግን አትኑሩበት።

ሰዓት የግድ የሚሆንባቸው ሥራዎችም አሉ። የሌላ ሰው የተበላሸ ኮድ መጠገን አንዱ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታዩ ቁርጥ ዋጋ አትስጡ። ፍላጎቱን በየሳምንቱ የሚቀያይር ደንበኛም በሰዓት ብቻ ነው የሚሠራለት። በሰዓት ሲሆን ለእያንዳንዱ መቀያየር ራሱ ይከፍላል፤ መቀያየሩንም ይቀንሳል።

ውጭ ካለ ወገናችን ሥራ ለምትቀበሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ሀበሻ ፕሮግራመር ከአንድ ኩባንያ በሰዓት 70 ዶላር ይዞ ለእናንተ 12 ዶላር ቢከፍል ወዲያው «በላኝ» አትበሉ። እሱ በግሉ የሚሠራ ከሆነ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር ከገቢ ግብሩ በላይ ይከፍላል፤ የጤና ኢንሹራንሱን ራሱ ይገዛል፤ ውሉን የፈረመው፣ ሥራው ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። ነገር ግን የተዋዋለበትን ዋጋ ማወቅ መብታችሁ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢያንስ ጠይቁ። ግልጽ ሆኖ ከነገራችሁ አብራችሁ ማደግ ትችላላችሁ። ካልነገራችሁ ደግሞ የራሳችሁን ወለል ስለምታውቁ 12ቱ ያዋጣችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ የእሱ 70 አያስፈልጋችሁም።

የምንዛሬውን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የአንድ ዓመት ውል በብር የፈረመ ሰው ላፕቶፑን፣ ስልኩን፣ ከውጭ የሚገዛውን ሰርቨር በእጥፍ ዋጋ እየከፈለ በድሮው ብር ሠራ። ስለዚህ ከስድስት ወር በላይ በሚቆይ የብር ውል ላይ ዋጋው የሚከለስበት ቀን ይጻፍ። በዶላር የሚከፈላቸው ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። ሳይጨምሩ ገቢያቸው በብር እጥፍ ሆነ፤ ያን ጊዜ «አሁን በ4 ዶላርም ያዋጣኛል» ማለት ይመጣል። አያዋጣም። ብሩ ሲወርድ የጤፍ፣ የዘይት፣ የኪራይ ዋጋ ተከትሎት ይወጣል፤ በዶላር የቀነሳችሁት የሰዓት ዋጋ ግን ተመልሶ አይወጣም።

የመጨረሻው ነገር ጭማሪ ነው። ወለላችሁን በየዓመቱ እንደገና አስሉ፤ እኔ ነሐሴን እመርጣለሁ፤ የንግዱ ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሲል ነው። ለአዲስ ደንበኛ አዲሱን ዋጋ ከነገ ጀምሩ፤ ማንንም ማስፈቀድ የለባችሁም። ለቆየ ደንበኛ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ከኅዳር 1 ጀምሮ የሰዓት ዋጋችሁ ከዚህ ወደዚህ እንደሚሆን፣ እስከዚያ የተጀመረው ሥራ በድሮው ዋጋ እንደሚያልቅ፣ አብሮ መሥራታችሁን መቀጠል እንደምትፈልጉ። ይቅርታ አትጠይቁበት፤ የኑሮ ውድነት ታሪክም አትዘርዝሩበት። ነጋዴው የሲሚንቶ ዋጋ ሲጨምር ይቅርታ አይጠይቅም፤ እናንተም አያስፈልጋችሁም። ከደንበኞቻችሁ አንዱ ወይም ሁለቱ ሊሄዱ ይችላሉ። አራት ደንበኛ እኩል እኩል ሰዓት ከእናንተ እየገዛ ቢኖርና በሰዓት 1,000 የነበረውን 1,300 ስታደርጉት አንዱ ቢለቅ፣ ሦስቱ የሚከፍሉት ድሮ አራቱ ይከፍሉት ከነበረው ጥቂት ብቻ ነው የሚያንሰው፤ የዓመቱ ሩብ ግን ነፃ ሆኖላችኋል፤ አምስተኛውን ደንበኛ በአዲሱ ዋጋ ትፈልጉበታላችሁ።

 ሰሌዳውን አላጠፋውም። የራሱን ደመወዝና የራሱን ወጪ ይዞ መውጣት የሚፈልግ ካለ ወደ ፊት ይምጣ፤ ወለሉን እዚሁ አብረን እናሰላዋለን።